ስም ሲጠራ

ጥቅምት 16 ቀን

ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ፣ ታናሽ እህቴ።

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር መምህሩ አስተምሮናል። «እንደምን ሰነበትሽ፣ እኔ ደህና ነኝ» ይባላል መጀመሪያ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ ደህና ያልሆንኩትም ባንቺ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጥፋቱን አስቀደምኩ፣ ሰላምታው ይከተል። እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ? ልጆቹን ጉንፋኑ ለቀቃቸው?

እውነት የራስሽ እጅ ጽሑፍ ነው ወይ ብለሻል። ነው። መስመሩ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ቢልም የኔው ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ለሚቀመጠው ጸሐፊ እየነገርኩ ነበር የማስጽፍልሽ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ግን እኔ አንድ ስል እሱ ሦስት ይጨምራል። «በናፍቆትሽ እንደ ሻማ እየቀለጥኩ» ያለሽ እሱ ነው። እኔ ቀልጬ አላውቅም። ደግሞ ለእሱ የማይነገር ነገር ስላለ፣ ሁልጊዜ ጤናና ዝናብ ብቻ ነበር የምንጻጻፈው።

ትምህርቱ እንዴት ሆነልሽ ላልሽው ይኸው መልሱ። አንሶላ የምተኩስበት ክሊኒክ ውስጥ ያለችው ነርስ ሦስት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓት አንሶላ ጠርዝ ላይ የሚጻፈውን ምልክት እያሳየች ፊደል አስቆጠረችኝ። በዚያ ቢበቃኝ ምን ነበረበት? አንቺ ግን «እትዬ፣ ማንበቡን ችለሽዋል፣ የቀረሽ ወረቀቱ ነው፤ ወረቀት ካለሽ ከካውያው ወርደሽ የልብስ መጋዘኑን ቁልፍ ትይዣለሽ» ብለሽ ደብተርና ላጲስ ገዝተሽ፣ ቅጹን ሳይቀር ሞልተሽ ላክሽ። ወገቤ ታመመ ብዬ የነገርኩሽ እኔ ነኝ፤ አፌን በቆረጠው።

የምንማረው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ። እነሱ ሲወጡ እኛ አስር ሰዓት ላይ እንገባለን። ዴስኩ ለልጅ የተሠራ ስለሆነ ጉልበቴ ሥሩ አይገባም። አስራ ስምንት ነን። ከጎኔ የምትቀመጠው ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ክንዷ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አለ። ከኋላዬ አንድ ቀለም ቀቢ አለ፣ አፉ እንደ ብሩሹ ያገኘውን ሁሉ የሚነካ። መምህሩ ልጄ ቢሆን እንኳ የመጨረሻው ይሆን ነበር።

ልክ አስር ሰዓት ላይ መዝገቡን ይከፍትና ስም ይጠራል። የተጠራው «አቤት» ይላል።

ግማሹን ታውቂያለሽ። በልጅነቴ ጦርነቱ ሲመጣ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ እንደታሰርኩ፣ ጠዋት ጠዋት ወረቀት ይዘው እየመጡ ስም ይጠሩ እንደነበር፣ ተጠርቶ የወጣም እንዳልተመለሰ ነግሬሻለሁ። ቤት ውስጥ «እትዬ» እንጂ በስሜ የማትጠሩኝ ለዚህ ነው። ሥራ ቦታም «የአንሶላዋ» እባላለሁ፣ ይስማማኛል። ሌላውን ግማሽ አልነገርኩሽም፣ አትጠይቂኝም።

የመጀመሪያው ቀን መምህሩ የኔ ስም ጋ ሳይደርስ ዴስኩ ሥር ገብቼ ራሴን አገኘሁት። እርሳስ ወድቆብኝ ነው አልኩ። እርሳሱ እጄ ላይ ነበር፣ ሰው ሁሉ አይቶታል። ቀሚሴም ርሶ ነበር። ይህን አንብበሽ ቅደጂው።

ከዚያ ወዲህ ስም እስኪጠራ ድረስ የውሃ ታንከሩ ጀርባ እቆማለሁ። መዝገቡ ሲዘጋ እገባለሁ። «ሥራ ይዞኝ ነው» እላለሁ።

እህትሽ


ኅዳር 19 ቀን

እንደምን አለሽ? የላክሽው ሹራብ ደርሶኛል፤ እጅጌው ይረዝማል፣ አጥፌ ለበስኩት። እግዜር ይስጥልኝ።

ስልክ ለምን አታነሺም ብለሻል። ስልክ ሲያወሩበት ወዲያው መመለስ ይፈልጋል። ደብዳቤ ግን ሰውን ይታገሳል።

በትምህርቱ እንዴት ነሽ ላልሽው፣ ሳልኩራራ፣ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። ቀለም ቀቢው ሂሳብ ከኔ ይገለብጣል። ይሁን እንጂ በመዝገቡ ላይ የለሁም። መምህሩ ሰኞ ዕለት ሁሉም ከወጣ በኋላ አስቀረኝ።

«እናቴ፣ ሃያ ቀን ቀርተዋል» አለኝ።

«የቤት ሥራዬን ያረምክልኝ ለማን ነው ታዲያ?» አልኩት።

ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠው። «እኔማ አያለሁ። ግን ስም ሲጠራ ያልነበረ ቀሪ ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። ሠላሳ ቀን የቀረ ፈተና አይቀመጥም። አስር ደቂቃ ብቻ ቀደም ይበሉልኝ። አሠሪዎችዎን እኔ ላነጋግርልዎ?»

አሠሪዎቼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚለቁኝ። ከሁሉ ቀድሜ እደርሳለሁ። ታንከሩ ጋ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ነው «ሥራ ይዞኝ» የምለው። ይህን ለዚያ ልጅ ልነግረው አፌን ከፈትኩና «እሞክራለሁ» አልኩ። ደግሞም ሞከርኩ። ረቡዕ ዕለት በሩ ድረስ ሄጄ እጀታውን ያዝኩ። ውስጥ የአንዷ ስም ተጠራ፣ «አቤት» አለች። እጄ እጀታውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ታንከሩን ነው።

ሠላሳው እየመጣ ነው። ወረቀቱን አጣዋለሁ፣ ወይም ምክንያቴን እናገራለሁ። ሁለቱንም አልፈልግም።

ሳልናገር እቆያለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ደክሞኛል።

እህትሽ


ኅዳር 30 ቀን

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ልጆቹ «እትዬ ትልቋ ስንተኛ ክፍል ናት?» እያሉ ይጠይቁኛል።

አዎ፣ ጥፋተኛ ነኝ። ቅጹን ስሞላ «የተማሪው ስም» የሚለው ቦታ ላይ ስምሽን ስጽፍ እንኳ አላሰብኩም። ይቅር በይኝ። ግን አሁን አትተዪው። መናገርሽ ለምን ያሳፍርሻል? አንቺ ምን አደረግሽ? የታሰርሽ ነሽ እንጂ ያሰርሽ አይደለሽም። ለመምህሩ ባይሆን ለዚያች ለዳቦ ጋጋሪዋ ንገሪያት። ሰው ካላወቀ በምን ይረዳሻል?

እናታችን ያኔ ታማ ባትሞት ኖሮ ይህን ሁሉ ለእሷ ትነግሪያት ነበር። እሷ ከሌለች እኔ አለሁ።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 15 ቀን

የመጨረሻውን አንቀጽሽን አንብቤ ደብዳቤሽን ለሁለት ሳምንት ሳልመልስ አስቀመጥኩት። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ነገር ነው። ሰው መታሁ።

ትናንት ሠላሳኛው ቀን ነበር። ታንከሩ ጀርባ ቆሜአለሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ የመምህሩ ድምፅ ይሰማል። ስሜን ጠራ። እንደ ወትሮው ሁለተኛ እስኪጠራ ጠበቅኩ። ከውስጥ የሴት ድምፅ «አቤት!» አለ።

እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። ስገባ ዳቦ ጋጋሪዋ ቆማለች፤ እጇን አውጥታ፣ እንደ ልጅ። በጥፊ መታኋት። የጠመኔው ሳጥን ከዴስኩ ላይ ወድቆ ተበተነ።

«ማን ተነሺ አለሽ? ማን ተነሺልኝ አለሽ?» እያልኩ ነበር አሉ።

እሷ ጉንጯን ይዛ «ምን አደረግኩሽ የኔ እናት? እንዳትቀሪ ብዬ እኮ ነው» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ አልፈሰሰም። መምህሩ መዝገቡን እንደያዘ ቀረ።

ቀለም ቀቢው አላለፈኝም። «እሜቴ ታንከሩ ጀርባ ለካ ጉልበት ሲያጠራቅሙ ነው የከረሙት!» አለ።

ሳቁ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሁሉም ያውቁ ነበር። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ከመስኮቱ እያዩኝ፣ እኔ ስገባ «ሥራ ይዞኝ ነው» ስል አንገታቸውን ደፍተው «አይዞሽ፣ ሥራ ነው» ይሉኝ ነበር። ከጥፊው ይልቅ በዚህ አፈርኩ። ሰው እንዲህ ሸፍኖልኝ ኖሯል፣ እኔ የሸፈንኩ መስሎኝ።

መምህሩ «አቤት» የተባለበትን ሰረዘው። ሠላሳ ሞላ።

ጠመኔውን ለቅሜ ወጣሁ። ይቅርታ እንኳ አላልኩም። እጄ ዛሬም ይሸተኛል፣ ዱቄት ዱቄት።

እህትሽ


ታኅሣሥ 27 ቀን

እንደምን ከረምሽ?

ይቅርታ ጠየቅሻት ወይ ላልሽው፣ አዎ። ያንን ደብዳቤ በላክኩልሽ ማግስት ጠዋት ዳቦ ቤቱ ሄጄ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ፊቷን ሳታዞር «ስንት ዳቦ?» አለች።

«ዳቦ አይደለም። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው።»

«ይቅርታ እዚህ አይሸጥም። ሰልፉን አታስቁሚብኝ፣ ዘወር በይ።»

ወደ ኋላ ሄጄ እንደገና ተሰለፍኩ። ሁለተኛም እንደዚያው። ሦስተኛ ስመጣ «አንቺ ሴትዮ ሰልፍ ትወጃለሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች፣ ሳቋም አናደዳት።

«ምክንያት አለኝ፣ ግን አልነግርሽም» አልኳት። «ምክንያቴ ደግሞ ጥፋቴን አያሳንሰውም። አጥፍቻለሁ።»

«ማን ጠየቀሽ? እኔስ ስንቱን በሆዴ ይዤ አይደል ሊጥ የማቦካው? ጥፊሽ ግን ጥፊ ነው፤ ካውያ ያዥ መሆንሽ ያስታውቃል።» ሁለት ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ብዪና ረቡዕ ነይ። ካልመጣሽ ሰልፉን ይዤ ቤትሽ ነው የምመጣው።»

ረቡዕ መምህሩ መዝገቡን ሊከፍት ሲል ተነስታ ምን አለች መሰለሽ? «መምህር፣ ስማችንን መጻፍ ችለናል ተብሎ ወረቀት ሊሰጠን ነው። ታዲያ ለምን እንደ ሕፃን እንጠራለን? መዝገቡ ይዙር፣ ሁሉም ለራሱ ይፈርም።» እኔን አላየችኝም። ቀለም ቀቢው «እውነቷን ነው፣ እኔ እንዲህ ያለ ፊርማ ይዤ ዓመቱ በከንቱ ሊያልቅብኝ ነበር» አለ። መዝገቡ ዞረ። ከሁሉም ጋር ተቀምጬ ፈረምኩ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

ያለፈው ሠላሳ ቀን ግን አለ። ዳይሬክተሩ ሊያነሳው የሚችለው ምክንያቴ በጽሑፍ ከቀረበለት ብቻ ነው። ፈተናው በጥር መጨረሻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ሰው በስምሽ አቤት ቢልልሽ ውለታ ነው እንጂ ምን ያስመታል?» ብለሻል። ይህን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም፤ የሚያውቅ ስለሌለ። ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊም አይነገርም ነበር። ተቀምጠሽ አንብቢው። ልጆቹ አጠገብሽ አይሁኑ።

እናታችን ታማ አልሞተችም።

እዚያ ክፍል ውስጥ አብረን ነበርን። አንቺ ሁለት ዓመትሽ ነበር፣ አያታችን ዘንድ ነበርሽ። እኔ አስራ አምስት። በአስራ አንደኛው ቀን ጠዋት ስሜ ተጠራ። አፌን ልከፍት ስል መዳፏን አፌ ላይ ጫነች፣ «አቤት» አለችና ተነሳች። ወረቀት የያዘው ሰው ቀና ብሎ አላያትም፤ ቁጥሩ ይሙላለት እንጂ ፊት አይቶ አያውቅም። ጫማዋን አውልቃ እግሬ ሥር ትታ ወጣች።

እኔ ዝም አልኩ። እጇ አፌ ላይ ሳለ ብቻ አይደለም። እጇ ከተነሳ በኋላም ዝም አልኩ። ከተቀመጥንበት እስከ በሩ ሩቅ ነበር፣ የሰው እግር እየተሻገረች ነው የሄደችው። «እኔ ነኝ» ለማለት ጊዜ ነበረኝ። አላልኩም።

ከአራት ቀን በኋላ የሚፈቱ ሰዎች ስም ተጠራ። የእሷ ስም ነበረበት። «አቤት» አልኩ። ጫማዋን አድርጌ ወጣሁ።

አንቺ «ምን አደረግሽ?» አልሽኝ። ያደረግኩት ይህንን ነው። አርባ አንድ ዓመት «መንገድ ላይ ታማ» ያልኩሽ ላንቺ አዝኜ አይደለም። እንዳታይኝ ብዬ ነው።

መልስ መጻፍ ባትፈልጊ አልቀየምሽም።

እህትሽ


ጥር 19 ቀን

እትዬ፣

ሦስት ሳምንት ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ። ደብዳቤሽን ለባሌም አላሳየሁም።

«ልጅ ነበርሽ፣ አንቺ አልገደልሻት» ብዬ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። እንደዚያ ፍርድ ቤት በር ላይ እንዳለው ሰውዬ ሆነብኝ፤ ቃሉ ያምራል፣ ሰው የለበትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ተናደድኩ። እስከዛሬ ታማ ለሞተች እናት ነው ያለቀስኩት። አሁን ለዚህችኛዋ ከመጀመሪያው ልጀምርላት ነው። ታማ ሳይሆን ተነስታ መሄዷን ሳውቅ ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ኮራሁባትም። ባንቺ ላይ ያለኝን ገና አላወቅኩትም። ጊዜ ስጪኝ።

ወረቀቱ ግን አይቅርብሽ። አንቺ መናገር ካልቻልሽ እኔ ልናገርልሽ። ለዳይሬክተሩ የጻፍኩትን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ያለፍሽበትን ሁሉ አስረድቻለሁ፣ የእናታችንን ጭምር። ፖስታውን አላሸግኩትም። አንብቢውና ስጪው፣ ሌላው ይቅርብሽ።

ታናሽሽ


ጥር 27 ቀን

እንደምን አለሽ? ጊዜ ስጪኝ ብለሻል፣ ውሰጂ። እኔ አርባ አንድ ዓመት ወስጄብሻለሁ።

ለዳይሬክተሩ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሳምረሽዋል። ጸሐፊው እንኳ እንደዚያ አይጽፍም። ስለ አንዲት ምስኪን ሴት የተጻፈ ነው፣ እኔም ሳነብ አዘንኩላት። በማግስቱ በቦርሳዬ ይዤው ቢሮው በር ላይ ቆምኩ። የቢሮው ጸሐፊ ሴት የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች ነው መዝገብ የምታስገባው፤ የአንዱን ፍቺ፣ የአንዱን የሳንባ ሕመም ኮሪደር ላይ የተሰለፍነው ሁሉ ሰማን። ያንቺን ስታነብ ታየኝ። ቀለም ቀቢው ከዚያ ወዲያ አይቀልድብኝም። ዳቦ ጋጋሪዋም ስታየኝ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለኝ ሀብት መቀለጃ መሆኔ ብቻ ነው፤ ሰው ሲቀልድብኝ እንደ ሰው ነኝ።

ስለዚህ ደብተሬ ላይ ገጽ ቀድጄ የራሴን ጻፍኩ። «የቀረሁት በራሴ ምክንያት ነው። ምክንያቱን አልጽፍም።» ፈርሜ ሰጠሁት።

ዳይሬክተሩ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። «እናቴ፣ ይህ ምክንያት አይደለም» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት።

«እንዲህ ከሆነ ላስፈትንዎ አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ስትሰማ «ግትር! አህያ እንኳ ካንቺ ትሻላለች!» ብላ መንገድ ላይ ጮኸችብኝ። እሷ ሰኞ ትፈተናለች። እኔ ሰኞ አንሶላ እተኩሳለሁ፣ ቁልፉን ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ ወገቤም ይችለዋል። ለሚመጣው ዓመት ተመዝግቤአለሁ። ቅጹን ራሴ ሞልቻለሁ፤ አንድ ቦታ ተሳስቼ ሰርዣለሁ፣ ተቀብለውኛል።

አሁን ዕፎይ አልሽ ወይ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። አላልኩም። ማፈሬ እንዳለ ነው። አንቺ በእናታችን ትኮሪያለሽ፣ እኔ ደግሞ ፊቷን ሳስበው ቀና ማለት አቅቶኛል፤ ሁለቱም ልክ ነው። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ብቻሽን ነይ። የምትጠይቂውን ጠይቂኝ፣ እዚያው ፊት ለፊትሽ እመልሳለሁ። የተቀየምሽኝም ከሆነ እዚያው ንገሪኝ።

የጻፍሽውን ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። ባንቺ አልተቆጣሁም፤ ለኔ ብለሽ ነው፣ እሷም ለኔ ብላ ነበር። ግን ከእንግዲህ በኔ ስም ሌላ ሰው ሲነሳ ተቀምጬ አላይም።

እህትሽ